ለማን ገባ?

ከግመል ተራው ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
አምስት አምስት ብር ተቀብዬ ሰው የማስገባ
እኔ ነበርኩ። ደብተሬ ላይ የዱቤ ስም ዝርዝር፣
ኪሴ ውስጥ ላብ ያራሰው የአንድ ብር ዝርዝር።

የዓረቡ ጣቢያ ካርዱ ያለቀ ዕለት፣
ይማም ጣራ ወጣ፣ ዲሿን ሊያዞራት።
«ወደ ገርባ መልሳት!» አልነው፣ «ትንሽ! ደግሞ ትንሽ!»
ቆርቆሮው እግሩ ሥር እንደ ቆሎ ሲንኮሻኮሽ፣
ድንገት ሜዳ መጣ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ማሽላ ቡቃያ፣
ከሜዳው ኋላ ደግሞ የአንድ ሰው ጉሮሮ፣ ብቻውን ገበያ።

«ስፓኒሽ ነው» አለ አንዱ፣ ጅዳ ኖሮ የተመለሰ።
ስፓኒሽ ባቲ ደረሰ!
እዚህ እኮ ሰኞ ሰኞ ሦስት ቋንቋ የሚገበያይ አገር፣
ፍየሏን በኦሮምኛ ጠርተው፣ በአፋርኛ ተከራክረው፣
በአማርኛ የሚከፍሉበት አገር፣
አራተኛ ቢጨመር
ማን ይደነግጥ ነበር?

ሰውየው አይተነፍስም። ኳሷ ስትንከባለል አብሮ ይንከባለላል፣
እንደ ግመል ደላላ ዋጋ በዋጋ ላይ ይቆልላል፤
ኳሷ መረብ ስትነካ አንዲት ቃል ይይዝና
ይስባታል፣ ይስባታል፣ እንደ ገመድ ከጉድጓድ፣ አታልቅም ገና።
የልጅ ልጁን በከዘራ ሊያስወጣ የመጣው ሼህ አሊዩ፣ ሳይጣራ፣
በር ላይ ቆሞ አዳመጠና «ይህ ትንፋሽ» አለ፣ «በመንዙማ ነው የተገራ።»
(አምስት ብር አልጠየቅሁትም።)

ጦይባ ሻይ ትሸጣለች፣ ከግድግዳው ውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር፤
ስክሪኑን አይታው አታውቅም፤ ለእሷ ጨዋታው ድምፅ ብቻ ነበር።
ብርጭቆ እያለቀለቀች፣ ስኳር እየለካች፣
ዓመት ከመንፈቅ ያንን ሰው ተማረች።
ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ «ማዕዘን ነው» ትላለች፤
ሲስቅ፣ «አንዱ ወደቀ፣ ውሸቱን ነው»፤ ሲያቃስት፣ «ቋሚ መታች።»
ዝንቡን «ፉዌራ!»፣ ዱቤ የበዛበትንም «ፉዌራ!»
ትርጉሙን የነገራት የለም፤ ቃሉ ግን ሥራውን ሠራ።

አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ነጮቹ ሁለት፣ ሰማያዊዎቹ ሁለት፣
ሰው በሰው ላይ፣ ጫት በዘንቢል፣ ሙቀቱ የዳቦ ቤት፣
ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ቴሌቪዥኑ «ጧ» አለና
ሥዕሉ ወደ አንዲት ነጭ ነጥብ ተጨምቆ ሄደ፤ ድምፁ ቀረ፣ ደህና።
ይማም በጥፊ መታው። ሐንፈሬ ጎኑን ነቀነቀው።
ሰውየው ጨለማ ውስጥ ይጮኻል፤ ማን ይወቀው?
ያኔ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣
«ጦይባ!» አለ። መቶ ራስ ዞረ፣ ሁለት መቶ ጆሮ።

ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች። «ዝም በሉ» አለች።
ዝም አልን። አየች።
«ከኋላ ጀመሩ፣ ሰጠ፣ መለሰ፣ አሁን ሮጠ፣
አንዱን አለፈው፣ ሌላው ያዘው፣ አይ፣ አመለጠ፣
ቆይ፣ ቆይ፣ ሰውየው ትንፋሹን ሳበ፣ ዋጠ...»
ያ ረጅም ቃል ከዚያ፣ ጎኦኦኦኦኦል፣ ጨለማውን ገለበጠ።

«ለማን?» አልን፣ ሁለቱም ወገን፣ በአንድ አፍ፤ «ለማን ገባ?»
«እኔ ምን አውቄ! ሰውየው ደስ ብሎታል።
ለነዚህም እንዲሁ ይጮኻል፣ ለነዚያም እንዲሁ ይጮኻል፤
እሱ እንደሆነ ግድ የለው፤ ብቻ ኳሷ መረብ ትግባ።»

ያኔ ምን እንደሆንን! ነጩ ዘሎ ሰማያዊውን አቀፈ፣
ሐንፈሬ ይማምን ተሸከመ፣ አግዳሚው ተሰበረ፣ ጫቱ ረገፈ፣
አንድ ልጅ፣ ያልከፈለ፣ በጭንቅላቴ ላይ አለፈ፤
ደብተሬም የት እንደገባ እንጃ።
ያን ሌሊት ባቲ ላይ አንድም ሰው አልተሸነፈ።

ውጤቱን ሰኞ ገበያ ላይ ሹፌር ከኮምቦልቻ ይዞ መጣ፤
ግማሹ ፎከረ፣ ግማሹ ካደ፣ ድንጋይም ሳይነሳ አልቀረ በቁጣ።
ጦይባ ብርጭቆ ትቆጥራለች፤ ዐሥራ አራት ጎድሏታል ከዚያ ማታ።
«ፉዌራ!» አለችን፤ «መጀመሪያ ብርጭቆዬን። ከዚያ ጨዋታ።»